የጋቢናው ወንበር ሳይቀየር ይታይልኝ

ለተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ 14/06

ጉዳዩ፦ በራሴ እጅ የፈረምኩት የመኪና ውስጥ ክፍል ምርመራ ወረቀት እንዲሰረዝና መኪናው ከነወንበሩ እንዲያዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎችን የውስጥ ክፍል ስመረምር የኖርኩ ነኝ። ሥራዬ ቆጣሪውን አለማመን ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን ፔዳል ጎማ ግን አይመለስም። ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደ የተባለ መኪና ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ የመሪው ቆዳ ካብረቀረቀ፣ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ከተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ ዋሽቷል። ሰው ሲገባም ሲወርድም በዚያው ጠርዝ ላይ ይንሸራተታልና። ባልደረቦቼ «ዓይናማው» ይሉኛል። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር።

2. በቅጻችን ላይ ለሹፌሩ ወገን አሥራ አንድ መስመር አለ። ለቀረው የመኪናው ክፍል ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ሌሎች» ይላል። ገዢ ስለዚያ አይጠይቅም። ስለዚህ ሁላችንም በመስኮት በዓይናችን ገረፍ አድርገን «ንጹሕ» ብለን እንሞላዋለን። አዲስ መርማሪዎችን «ተሳፋሪ መኪና አያስረጅም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ብዬ ያስተማርኩ እኔው ነኝ።

3. ከሁለት ወር በፊት አማቼ፣ የልጄ ባል፣ መኪናውን ለመሸጥ አስቦ ለምርመራ አመጣው። ለሌላ መርማሪ ማሳለፍ ነበረብኝ። «አባባ፣ ከእርስዎ ዓይን የሚበልጥ አለ እንዴ?» አለኝ። አላሳለፍኩትም። ልጄ አብራው መጥታ ነበር። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

የሹፌሩ ወገን እንከን አልነበረውም። ፔዳሉ፣ መሪው፣ የማርሹ ዘንግ፣ ሁሉም ከቆጣሪው ጋር ይስማማል። አያያዙን አመሰገንኩለት። አሥራ አንዱን መስመር ሞልቼ ስጨርስ ልጄ፣ «አባዬ፣ ጋቢናውም ላይ ቁጭ ብለህ እይ እስቲ» አለች።

አማቼ ሳቀ። «ምኑን ይዩት? የብስኩት ፍርፋሪሽን?»

እኔም ሳቅሁ።

4. በዚህ ወር መጀመሪያ ባስገባሁት ማመልከቻ «የጋቢናውን ወገን ሳላይ በስህተት ንጹሕ ብያለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደንቡን ነገረችኝ። ስህተት የሚታረመው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ አልፏል። መርማሪው አይቶ ከደበቀ ግን ወረቀቱ መቼም ይሁን መቼ ይሰረዛል፤ የመርማሪው ፈቃድም አብሮ። «ግን እርስዎ አላየሁም ነው ያሉት፤ አይደል ጋሼ?» አለችኝ። ልጅቷ ልታድነኝ ነበር የፈለገችው። አዎ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በጎኔ እየወጣ እየወረደ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ማመልከቻ ውሸት ነው። አይቻለሁ።

5. ከሳቅን በኋላ የጋቢናውን በር ከፍቼ ጎንበስ አልኩ። ያየሁት ይህ ነው።

ምንጣፉ ቀኝ እግር በሚያርፍበት በኩል ተቦርቡሯል። በሹፌር እግር ሥር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ለማየት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። በጋቢና በኩል አይቼ አላውቅም።

የበሩ መያዣ ላይ ከውስጥ በኩል አራት የጥፍር መስመሮች አሉ። አንዱ በሌላው ላይ፣ ብዙ ጊዜ።

ወንበሩ ያለቀው መሐሉ ላይ አይደለም። ወደ በሩ የተጠጋው ጠርዝ ብቻ ነው ያለቀው። ተቀማጩ ከሹፌሩ መራቅ የሚችለውን ያህል ርቆ ይቀመጥ ነበር።

ቀበቶው። ቀበቶው በአፍ ቁመት ላይ ተነክሷል።

ልጄ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ስትፈራ የልብሷን አንገትጌ ትነክሳለች። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየሳምንቱ ትጠግንላት ነበር። ከላይኛዎቹ ጥርሶቿ አንዷ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ናት፤ ስለዚህ ንክሻዋ መሐል ላይ ሁልጊዜ ያልተነካ ቦታ ይቀራል። ቀበቶው ላይም ቀርቷል።

6. ለምን «ንጹሕ» እንደጻፍኩ መግለጽ ይኖርብኛል። ልጄን ሰው ፊት ላለማሳፈር ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ሁለት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ነበርና። እንዲያ አይደለም። ያየሁትን ከጻፍኩ አውቄያለሁ ማለት ነው። ካወቅሁ ደግሞ ቀና ብዬ ሰውየውን ማየት፣ አንድ ነገር ማለት፣ ልጄን ወደ ቤቴ መውሰድ ሊኖርብኝ ነው። «ንጹሕ» አጭር ቃል ናት። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር።

ልጄ በትከሻዬ ላይ አዘንብላ አነበበችው። ጋቢና ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ ሄዱ።

7. ልጄ ባለፈው ወር ፍቺና ከለላ ጠይቃ ፍርድ ቤት ቀረበች። «ሲቆጣ መኪና ውስጥ ያስገባኛል። በሩን ይቆልፍና ይነዳል። እስክለምነው ይነዳል፤ ስለምነው ደግሞ ይጨምራል» አለች። ምልክት አለ ወይ ተብላ መኪናውን ጠቀሰች። አማቼ ተነሥቶ የእኔን ወረቀት አቀረበ። «የመረመሩት የገዛ አባቷ ናቸው። ምልክት ቢኖር እሳቸው ያጡታል?» ዳኛው ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቋት።

«የአባቴ» አለች።

እኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። «አባዬ፣ መኪናው ይሸጥ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «አንተ ጋ እንዲመጣ ብዬ።»

8. ችሎቱ ለውሳኔ የተቀጠረው ለሐሙስ ጠዋት ነው። የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ወዳጄ ዛሬ ሳያውቅ ነገረኝ፦ «አማችህ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ያመጣዋል። የጋቢናውን ወንበር፣ ምንጣፍና ቀበቶ ብቻ ቀይርልኝ ነው የሚለው። የሹፌሩ አዲስ ነው አለኝ፤ ጠንቃቃ ሰው!» ነገ ስምንት ሰዓት ካለፈ ከልጄ ቃል በስተቀር የሚቀር ነገር የለም። ቃሏን ደግሞ እኔ አስተባብዬዋለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) እያየሁ በሐሰት የፈረምኩት ወረቀት እንዲሰረዝ። ፈቃዴን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ይግባኝ አልልበትም።

ለ) መኪናው ነገ ከስምንት ሰዓት በፊት እንዲያዝ።

ሐ) እኔን የማያውቅ መርማሪ ጋቢናው ላይ ተቀምጦ ያየውን እንዲጽፍና ከሐሙስ ችሎት በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዲላክ።

እስከ ነገ የሚላክ መርማሪ የለም የሚሉ እንደሆነ፣ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ሙያ አይጠይቅም። ጋቢናው ላይ ይቀመጡ፤ በሩን ይዝጉ፤ ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ጉድጓዱን እግርዎ ራሱ ያገኘዋል። ይጫኑት።

እዚያ ፍሬን የለም።

ከዘገየ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የምርመራ ፈቃድ ቁጥር 217
እስከ ዛሬ የፈቃዱ ባለቤት የነበርኩ