የሣቂታ ሦስት ብልቃጦች

ጥቅምት 3

ሻንጣው አልዘጋ አለኝ። ላዩ ላይ ተቀምጬ ዘጋሁት። እማዬ መልሳ ከፈተችው... ሹራብ ልትጨምር።

«ሞቃት አገር ነው እኮ!»

«የጦርነት አገር ነው አላልክም?»

ጦርነትን በሹራብ! ሳቅን። እሷ ቶሎ አቆመች።

ስድስት ወር ነው። ድንበር ማዶ፣ የአንዲት ትንሽ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል። ከተመረቅሁ ስምንት ወሬ፤ ስምንቱንም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው የጨረስኩት። በመጨረሻ የሚፈልገኝ ተገኘ። ጓደኞቼ አብደሃል ይላሉ። ይበሉ።

ጥቅምት 9

ደረስኩ። እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ የለም! ከተማዋ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ትወርዳለች። ማዶ ያለው ተራራ ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት ወይን ጠጅ። አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ። የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ስልኬን ተቀብለው አዩና፣ «ጎበዝ፣ መድፉን አነሳኸው» አሉኝ። ለካ መድፉ ያለው ተራራው ላይ ነው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እዚያው መጋዘን ውስጥ። ዲግሪ የላቸውም። የእያንዳንዱን ካርቶን ቦታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ።

ጥቅምት 13

ቤት አገኘሁ። አከራዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሆስፒታሉን አንሶላ የሚሰፉት እሳቸው። እትዬ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ስኳር የጀመራት በስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ተቀምጣ ራሷን መርፌ ትወጋለች... እየዘፈነች! «አያምሽም?» ብላት «የሚያመኝስ አንተ ስታሾልቅ ነው» አለች። ሣቂታ ብያታለሁ።

ጥቅምት 21

መድኃኒቷን የት እንደምታኖር አሳየችኝ። ትልቅ ገንቦ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ። እትዬ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጡታል፣ እንደ አበባ። ቴርሞሜትሬን ከተትኩ። ሃያ ሁለት።

«ደንቡ ከሁለት እስከ ስምንት ነው» አልኳት።

«ስለዚህ ሞቻለሁ ማለት ነው?»

«ሳይንስ እኮ ነው...»

«እሺ፣ ደንቡ!»

አለቀልኝ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ደንቡ ይለኛል።

ጥቅምት 24

ተሳካልኝ! ያልተከፈቱትን ሦስቱን ብልቃጦቿን ወደ ሆስፒታሉ ፍሪጅ አዛወርን። ማሰሮው ውስጥ የቀረው ጀምራ ሩቡን ያህል ብቻ የተጠቀመችበት አንዱ ነው። እትዬ ትንሽ አመነቱ። «ማሰሮው ዘጠኝ ዓመት አላሳፈረንም» አሉ። ከዚያ ግን፣ «ይሁን፣ የተማረ ሰው ካለ» ብለው ብልቃጦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በእጄ ነው የወሰድኳቸው። የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራዬ። ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት።

ኅዳር 2

ዓርብ ወታደሮች የጄኔሬተሩን ናፍጣ ቀድተው ወሰዱ። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ሰኞ ጠፍቶ ቆየ። ስከፍተው ሃያ ስድስት ዲግሪ። የስኳር መድኃኒቱ በጠቅላላ አሥራ ዘጠኝ ብልቃጥ፣ የሣቂታ ሦስቱን ጨምሮ።

ጋሼ፣ «ለይተህ አስቀምጠው። ዋናው ቢሮ ይጠየቅ። ይሄ መድኃኒት እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም፣ አይቻለሁ» አሉ።

«ደንቡ ይወገድ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ደንቡ መንገድ አለው። እኛ አለን?»

ሐሙስ መድኃኒት የጫነ መኪና ይመጣል አልኳቸው። ደግሞ የመጀመሪያው ሪፖርቴ ነው... እንከን እንዲኖርበት አልፈለግሁም። ፈረምኩ። ቆሻሻ ማቃጠያው ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት፣ ናፍጣ ስለሌለ በካርቶን አቃጠልኩት። ጋሼ አልፈረሙም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩ።

ለሣቂታ ነገርኳት። «ሐሙስ አይደል? እስከዚያማ አለኝ» አለች።

ኅዳር 5

ሐሙስ። መኪና የለም። ድልድዩን አፍርሰውታል።

ኅዳር 6

ዋናውን ቢሮ በሬዲዮ አገኘሁት። «ለምን አቃጠልከው? እስከ ሠላሳ ዲግሪ ድረስ ለሳምንታት ይሠራል። መለየት ብቻ ነበር። መመሪያው ላይ ገጽ አሥራ አራት አለልህ።»

ከፈትኩት። አለ። እስከ ገጽ አሥራ ሦስት በቀይ አስምሬበታለሁ። አሥራ አራተኛው ንጹሕ ነው።

ኅዳር 9

በስኳር መድኃኒት ከሚኖሩት ሁለቱ ገና ጥቅምት ላይ ሸሽተዋል። ጡረተኛው ፖስተኛ ለጊዜው በክኒን ይቆያል ይላል ሐኪሙ። ለሣቂታ ክኒን አይሠራላትም። ግማሽ ግማሽ መጠን እየተወጋች ነው። ዘፈኗንም ግማሽ አደረገችው። «ቁጠባ ነው» አለች።

አሣ አስጋሪውን ለመንኩት፣ ሐይቁን አሻግረኝ ብዬ። አንገቱን ወደ ተራራው አዞረ። «ጀልባዬን ያያታል።» ብቻዬን ልቅዘፍ? መቅዘፍ አልችልም። ምን እችላለሁ እኔ?

ኅዳር 13

አለቀ። ትላንት ማታ ብልቃጡን ገልብጣ የመጨረሻዋን ጠብታ ቀዳች። ዛሬ ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ ብቻ ነው የምትለው። ትጠጣለች፣ ታስመልሳለች። ሐኪሙ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ሰቀለላት። «ከዚህ በላይ በእጄ ያለ ነገር የለም» አለኝ። እኔን እያየ አይደለም ያለው። ወይስ መሰለኝ?

እትዬ ማሰሮውን ዛሬም ውኃ አጠጡት። ባዶውን።

ኅዳር 15

ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አመዱን በእጄ በተንኩት። ምናልባት አንድ... ካርቶን እኮ ነው ያቃጠለው፣ ናፍጣ አይደለም። አምስት ብልቃጥ አገኘሁ። ሁሉም ተሰንጥቀዋል። አንዱ ሥር ጠቆር ያለ ነገር ነበር። አሸተትኩት።

ጋሼ ከላይ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ና ውጣ። ና፣ ልጄ።»

ኅዳር 17

ዛሬ ጠዋት አረፈች።

ሐይቁ ምንም አልሆነም። እንዴት ያምራል?

ኅዳር 18

ቀበርናት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እትዬ ጋሼንና እኔን አስቀምጠው ጠየቁን።

«ያ ያቃጠላችሁት... ይሠራላት ነበር?»

ጋሼ ፈጠን ብለው፣ «አይሠራም። ሙቀቱ ገድሎት ነበር» አሉ።

እትዬ እኔን አዩኝ። የተማረ ነኝ። ዝም አልኩ።

«እንግዲያ ተመስገን» አሉ። «ያለመድኃኒት ነው የሞተችው እንጂ በሰው እጅ አይደለም።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔን አጽናኑኝ!

ኅዳር 21

እትዬ ደጃፌ ላይ እራት አስቀምጠውልኝ ነበር፣ በክዳን። ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ ነው። ሳልቀምሰው መልሼ ከደንኩት።

ለጋሼ፣ «ልነግራቸው ነው» አልኳቸው።

«ለእሳቸው ነው ወይስ ለራስህ?»

አላውቅም። እውነቴን ነው... አላውቅም።

ኅዳር 25

ለግማሽ ቀን ተኩስ ቆመ። ጀልባ መጣ። አሥር ብልቃጥ የስኳር መድኃኒት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ሃያ አራት ይላል። ጋሼ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀረቡልኝ፣ ምንም ሳይናገሩ። «ደህና ነው፣ ተረክቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ገጽ አሥራ አራትን አሁን በቃሌ ነው የማውቃት።

ፍሪጁ ዛሬም ጠፍቷል፤ ናፍጣ የለም። የት ላስቀምጠው እያልኩ ሳለሁ በሩ ላይ እትዬ ቆመዋል። ገንቦውን በጋሪ አስገፍተው አምጥተውታል፣ ከነማሰሮው፣ ከነአሸዋው።

«ለፖስተኛው ይሁን። እኔ ምን ያደርግልኛል።»

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ተቀብለው ደረደሯቸው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ እጄ አልሰጥ አለ።

«እትዬ። ያ ይሠራ ነበር።»

ቀና አሉ።

«ያቃጠልኩት። ጋሼ አስቀምጠው ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ። ሦስቱም ይሠሩ ነበር።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። እትዬ ስድስተኛውን ብልቃጥ ከእጄ ወሰዱ። አስቀመጡት። የቀሩትንም። ከዚያ ጣሳውን አንሥተው አሸዋውን ዙሪያውን አጠጡት፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ። አፉን በጨርቅ ሸፈኑት።

«ጠዋትና ማታ ነው» አሉኝ። «እንዳትረሳ።»

«እሺ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ሳይዞሩ፦

«ሌላ ቤት ፈልግ፣ የኔ ልጅ።»