እጇን የያዘችው ሴትዮ

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ከስቱዲዮው

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህስ፣ ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኔ አንገቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ለአንገቴም ቢሆን ጥፋቱ የወንበሩ ነው፤ አባትህ ነፍሱን ይማርና የገዛው ያ ተሽከርካሪ ወንበር አሁን የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ ነው። በወረቀት ስጽፍልህ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ የጻፍኩልህን ሁሉ በሳቅ ምልክት ስለምትመልስልኝ፣ ይሄኛውን ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው እንድታነብልኝ ፈልጌ ነው።

ስለ ፎቶው ነው። አንተ ያየኸው ያለቀውን ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የልጅህን ፎቶ ልከህ፣ "ለልደቷ ነው፤ ተረት ውስጥ ያለች አስመስለሽ ሥሪልኝ፤ ጫካ ነገር፣ ቤተ መንግሥት ነገር" ያልከኝ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ስንት ዓመት የመታወቂያ ፎቶ ሳጠራና የሙሽራ ብጉር ሳጠፋ ኖሬ አንድ ቀን ተረት ታዘዝኩ። "ነገር" የሚሉት ትእዛዝ ግን ባለሙያን እንዴት እንደሚያደርቅ አንተም ታውቃለህ፣ እዚሁ ነው ያደግከው። ቤተ መንግሥት ነገር ሲባል ስንት ግንብ ነው? ብጠይቅህ አልመለስክልኝም፤ እንደመሰለኝ ጀመርኩ።

ፎቶው ጥሩ ነበር። ልጅቷ በራችሁ ላይ ቆማለች፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች፣ አንድ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቶ የሰው እጅ ይዟል። የእጁ ባለቤት ከፎቶው ውጪ ናት፤ ከእሷ የሚታየው ግራጫ የሹራብ እጅጌና ግማሽ መዳፍ ነው። የአሮጊት እጅ ነው። የሚስትህ እናት እጅ መሆኑን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገኝም፤ አብራችሁ እንደምትኖር ነግረኸኛል።

እጅጌውን ከነመዳፉ አጠፋሁት። ክፋት እንዳይመስልህ፣ ሥራው ነው። ተረት ውስጥ የፋብሪካ ሹራብ አይገባም።

ከዚያ ልጅቷን ከበሩ ላይ ቆርጬ አወጣኋት። ካፖርቱ አላስቸገረኝም፤ ፀጉሯ ግን አበሳዬን አሳየኝ። ያንተው ፀጉር ነው፣ እያንዳንዱ ዘለላ በየፊናው የሚሄድ፤ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ተከተልኩት። ጫካውን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለው መናፈሻ አነሳሁ፤ አግዳሚ ወንበሮቹንና የቆሻሻ በርሜሉን ሳጠፋ ጫካ መሰለ። ልጅህ ያደነቀችው ቤተ መንግሥት የድሮው የውኃ ማማ ነው፤ ደጋግሜ ለጠፍኩትና ጣሪያ አሾልኩለት። ትልልቆቹ እንጉዳዮች የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ቁልፎች ናቸው። በዛፎቹ መካከል የሚበሩት የብርሃን ጠብታዎች ደግሞ ሌንሴ ላይ የነበረ አቧራ ነው። ይህን ለልጅቷ አትንገራት።

ሁሉም አልቆ እጇ ብቻ አየር ላይ ቀረ። ፋኖስ ላስይዛት ሞከርኩ፤ ጣቶቿ የታጠፉት ለፋኖስ አይደለም። ቅርንጫፍ አስያዝኳት፣ የፈረስ ልጓም አስያዝኳት፣ አልሆነም። የሰው እጅ የያዘን እጅ ሌላ ነገር ማስያዝ አይቻልም፤ ያስታውቃል። ሰው ያስፈልገው ነበር።

ራሴን አስገባሁ። አንተ አላዘዝከኝም፤ ይህን አልክድም።

ግን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ለማያያዝ ቁመታቸውን ማወቅ ግድ ነው። አጠገብህ ቆሞ የሚያውቅን ሰው ቁመት ዓይንህ ይነግርሃል፤ እሷ አጠገቤ ቆማ አታውቅም። ስለዚህ በራችሁን ተጠቀምኩበት። የበር እጀታ የትም ቦታ ከፍታው ያው ነው። ከእጀታው ጋር አስተያየኋት፣ የስቱዲዮውን በር በሜትር ለካሁ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ሄጄ ከመስመሩ አጠገብ ቆምኩ። ወገቤ ላይ ነው ያረፈው። ልጅህ ወገቤ ጋ ትደርሳለች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደንበኛ መጣና ዓይኔን ጠርጌ መታወቂያ ፎቶ አነሳሁት።

ያነሳችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። የልጅቷን እጅ ቦታ እንዲይዝልኝ ጓንት ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልታ መስመሩ ልክ ላይ ወንበር ጋ አሰረችልኝ። ከመጋረጃ የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅም ሰፍታ ባለ ቆብ ካባ አለበሰችኝና ራቅ ብላ አየችኝ።

"አሁን አንቺ ማን ነሽ? ንግሥት ነሽ ወይስ ጠንቋይ?" አለችኝ።

"አያት ነኝ።"

"አያትማ ቀሚሷን ትለብሳለች እንጂ መጋረጃ ትጠመጠማለች እንዴ!"

"ዝም ብለሽ አንሺኝ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ሊሄድብኝ ነው።"

"እሺ፣ ጓንቱን ግን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው" አለች። "እንዲህ እንደ እንግዳ ሰው አትያዢው።"

ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ጓንቱን አውጥቼ የልጅቷን ጣቶች መዳፌ ውስጥ ሳስገባ ልክክ አለ። ብርሃኑ ከእኔ በኩል ስለሚመጣ ጥላዬ ትከሻዋ ላይ ማረፍ ነበረበት፤ እሱንም ሠራሁላት። ከሠርግ ሥራ ሁሉ በልጦብኝ በኩራት ነው የላክሁልህ። ፊቴን ትንሽ አለሰለስኩት፤ አልነካሁትም ብል እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

አንተ ልብና ሳቅ ላክህልኝ። በነጋታው ደግሞ "ልጅቷ የምትልሽ አላት" ብለህ ድምጿን። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ እየደጋገምኩ ስለሰማሁት አልሳሳትም።

"ፎቶ ሠሪዋ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቤተ መንግሥቱ ያምራል። እንጉዳዩም ያምራል። ግን እዚህ ጋ እኮ አያቴ ነበረች፣ እጄን ይዛኝ ነበር። ለምን አጠፋሻት? ይቺን ሴትዮ አውጪያትና አያቴን መልሺልኝ። እሺ? ቻው።"

ከሥሩ ያንተ ጽሑፍ ነበር። "እማ፣ ልጅ ናት፣ አትቀየሚያት። ሴትዮዋን ብቻ አንሺያትና ድጋሚ ላኪልኝ። ገና ትንሽ ስለሆነች ሁለት አያት ግራ እንዳያጋባት ብዬ ነው፤ ስታድግ እነግራታለሁ።"

ሁለት አያት ግራ የሚያጋባ ቢሆን ኖሮ የዓለም ልጅ ሁሉ ግራ እንደተጋባ በቀረ ነበር። ደግሞ አንተም "ሴትዮዋ" ብለህ ጻፍክ። ልጅቷስ አታውቀኝም። አንተን ምን አገኘህ?

እሷን አልተቀየምኳትም። የያዘችውን እጅ ታውቃለች፤ እጅጌው ከፎቶው ቢጠፋም ማን እንደነበረች አልረሳችም። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ልጅ ከዘራችን በመገኘቱ ኮርቻለሁ። በሚስትህ እናትም አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ክፉ አላስብባትም። ዝናብ ሲዘንብ እጇን የምትይዛት እሷ ናት፤ እኔ የያዝኩት ጨርቅ የተሞላ ጓንት ነው። አንተን ግን ተቀይሜሃለሁ። ይኸው በግልጽ ነገርኩህ። ትኬት የለም፣ ፈቃድ የለም፣ ሥራ በዝቷል ስትለኝ ሁሉንም አምኜ ተቀበልኩ። ያችን ልጅ አጠገብህ አስቀምጠህ "የአባትሽ እናት አለች" ለማለት ግን ትኬት አይጠይቅም።

እኔን ማውጣት ቀላል ነው። በእኛ ሥራ እያንዳንዱ ነገር የሚቀመጠው በየራሱ ሌየር ላይ ነው፤ መስታወት ላይ መስታወት እንደመደርደር ያለ ነው፣ አንዱን ብታነሳው ሌላው አይነካም። ሞከርኩት። አንድ ጊዜ ጠቅ አደረግሁና ጠፋሁ። ሣሩ ማንም ያልረገጠው መሰለ፤ ጥላዬም ከትከሻዋ ላይ አብሮኝ ሄደ። መልሼ ጠቅ አድርጌ መጣሁ። ጠዋቱን ስሄድና ስመጣ ነው ያረፈድኩት።

አሁን ውሳኔዬን ስማ። እዚህ ቤት ማስተካከያ በመልእክተኛ አይሠራም። አንድ ጊዜ የሙሽራዋ አክስት ብቻዋን መጥታ ያንን አማች ከፎቶው አጥፉት ብትለን፣ አባትህ ሙሽራዋን ይዘሽ ነይ ብሎ መልሷታል። ደንበኛው ራሱ በርጩማው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሥራውን እያየ፣ በጣቱ እያሳየ ነው የሚያዘኝ። ይህ ለማንም አይቀየርም፤ ለልጅህም አይቀየርም። ደንበኛዋ አንተ አይደለህም፣ እሷ ናት።

ስለዚህ ይህን እንዳነበብክ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ ደውልና ልጅቷን ስክሪኑ ፊት አስቀምጥልኝ። መምጣት ከቻላችሁማ በርጩማው አለ፣ እወለውለዋለሁ። እጅጌውን ከነመዳፉ ከመጀመሪያው ፎቶ አምጥቼ፣ አያቷን እንዳለች መልሼ፣ ከፈለገች አረንጓዴውን ካባ አለብስላታለሁ። ሴትዮዋንም አወጣታለሁ፤ ቃሌ ነው፣ አላኮርፍም። ከዚያ በፊት ግን አጠገቧ ተቀምጠህ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ማን እንደሆንኩ ትነግራታለህ።

ታስወጣኝ፤ ማንን እንደምታስወጣ ግን አውቃ ታስወጣኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ሚስትህንና እናቷን ሳትረሳ ሰላም በልልኝ። ለልጅቷም መልካም ልደት በልልኝ፤ ከማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

እናትህ