የይታያል ጥሪ

ይድረስ ሞጣ ለእታለሜ ለይርጋነሽ። ከነልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ብቸና ላይ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ታናሻችን ይታያል ግን አዋረደን። አሥር ዓመት ቅኔ አስተምሬው፣ «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ብሎ ጉባኤዬን ጥሎ ወጣ። የት የተጠራ መሰለሽ? ጤና ጣቢያ! ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን እግር ያጥባል፣ ገንፎ ያጎርሳል፤ ከዚያ ወንጌሉን እንደ ሰፈር ወሬ በአማርኛ ያወራላቸዋል። ይህም ሰባኪ ተባለ!

ባለፈው አቧራ ዓይኔ ገብቶ እዚያው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ በመብራት ሲያየኝ ቆይቶ «በቶሎ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሂዱ» አለኝ። የእነሱ ነገር ማስፈራራት ነው፤ አልሄድኩም። ይታያል እጄን ይዞ ቤቴ አደረሰኝ። መንገዱ ተቆፍሯልና እጄን አልነጠቅኩትም።

ቤት እንደገባን «የኔታ፣ የዮሐንስን ወንጌል ላንብብልዎ?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ንባብ ታውቃለህ?» አልኩት።

በግዕዝ አነበበ። ድምፁ ተነሽ የሆነውን ቃል ወዳቂ እያደረገ አበላሸው። «ነገም ና፣ ላርምህ» አልኩት። ይኸው ወሩን ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም፤ ዛሬም አላማረለትም።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ጊዮርጊስ ይጠብቃችሁ። መልስሽን በትልልቁ ጻፊው፤ ያ ደንቆሮ ሲያነብልኝ እንዳይሳሳት።

ወንድምሽ መሪጌታ ሣህለ ማርያም