በመቀነትሽ የቋጠርሽው ካርድ

ለውዷ እናቴ ለጥሩወርቅ፣

እማዬ፣ ከተለየሽኝ ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላ። አንቺስ ከሕመሙ አርፈሻል፤ ያላረፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል፤ ሥራውም፣ ኮምፒውተሩም፣ የገዛ እጄም።

የዳባቱ ቤት ደህና ነው። ገብሱ ገብቷል። በቅሎሽን አጎቴ ወደ መካነ ብርሃን ወስዷታል፤ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ቆማ አስቸግራን ነበር። ደባርቅም ያው ነፋሷ ነው፤ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ጠምጥመሽ የምትረግሚው ነፋስ። እኔም እዚያው ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል፣ እዚያችው መስኮት ሥር ነኝ።

ጡትሽ ላይ ያለውን እብጠት ደብቀሽ ደብቀሽ፣ አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ እጄን ይዘሽ ያስነካሽኝ ትዝ ይልሻል? በማግስቱ በሚኒባስ አምጥቼሽ በራሴ እጅ ጥሩወርቅ ብዬ መዘገብኩሽ። ከእኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላክሽ። ናሙና ሊወስዱ ሲያስገቡሽ አስታማሚ አይገባም ብለው በር ላይ አቆሙኝ። ስትወጪ ካርድሽን በመቀነትሽ ቋጥረሻል። አሳዪኝ ስልሽ ተይው አልሽኝ፤ ኋላም ጠፋብኝ አልሽ።

ውጤቱ በኮምፒውተር ይመጣል ተባልን። እኔ ሞኟ አመንኩ። በየጠዋቱ ጥሩወርቅ ብዬ እጽፋለሁ፣ የለም ይላል። ስደውል፣ በዚህ ስም የመጣ ሰው የለም ይሉኛል። የእነሱ የካርድ ቁጥር ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ለእኛ ማሽኑን የሰጠን አንድ ፕሮጀክት፣ ለእነሱ ሌላ፤ ሁለቱ ማሽኖች ተያይተው አያውቁም። በዚያው ሰሞን የፕሮጀክቶቹ ሰዎች ሆቴል ሰብስበውን፣ ባነር ሰቅለው፣ የካንሰር መረጃ እንዴት ድንቅ ሆኖ እንደሚናበብ ሁለት ቀን ሙሉ አወሩልን። ኤዲያ! የበላሁት ጥብስ ዛሬም ይቆጨኛል።

አንቺ ግን በየቅዳሜው ገበያ ስትመጪ መስኮቴ ላይ ቆመሽ መጣ ወይ ትይኛለሽ። አልመጣም እልሻለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ።

የሆነውን ልንገርሽ። ሆስፒታሉ በየወሩ ባለቤት ያጣ ውጤት ዝርዝር ይልክልናል፤ የማየውም እኔ ነኝ። አንድ ስም ሦስት ወር ተመላለሰ። ወለተ ሥላሴ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ካንሰር ተገኝቶባታል፣ በቶሎ ትምጣ ይላል። ከመዝገባችን ፈለግኳት፣ የለችም። ምን ዓይነት ግድ የሌላት ሴት ናት ብዬ ተሳድቤ፣ አትታወቅም ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። በዚህ እጄ።

ፍትሐትሽ ላይ የንስሐ አባትሽ የክርስትና ስምሽን ጠሩ። ወለተ ሥላሴ አሉ። ያ አትታወቅም ብዬ የዘጋሁት ስም! ጮኼ አለቀስኩ፤ ለሰዉ ሐዘን ብቻ መሰለው። ከቀብር ስመለስ መቀነትሽን ፈታሁ። ካርዱ ተጣጥፎ እዚያው ነበር፤ ወለተ ሥላሴ ገብረ ጊዮርጊስ ይላል፤ የአባትሽንም ስም የሰጠሻቸው የክርስትናውን ነው።

መጀመሪያ በአንቺ ተናደድኩ፤ ይቅር በይኝ። የክርስትና ስም መተት እንዳይሠራበት እንደሚደበቅ አጥቼው አይደለም። ከእኔ እንኳ የደበቅሽውን ለማያውቁሽ ሐኪሞች የሰጠሻቸው፣ ቢላ ሥር ስተኛ አምላኬ በሚያውቀኝ ስም ልጠራ ብለሽ ነው። ምን አጠፋሽ? ዕድሜሽን፣ ቀበሌሽን፣ ሕመምሽን ይዘው አንዲት ሴት መሆንሽን መለየት ያቃታቸው እነሱ ናቸው። ሌላ ስም አለሽ ወይ ብዬ አንዴ ያልጠየቅኩሽ ደግሞ እኔ።

አሁን የምትመጣውን ሴት ሁሉ እጠይቃለሁ። ጆሮዬን ወደ መስኮቱ ሳስጠጋ ያንሾካሹኩልኛል። ሁለቱንም ስም በእጄ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ ለሆስፒታሉ እንዲሰጡ አስይዛቸዋለሁ። ኃላፊዬ ይህ በአሠራሩ የለም ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ!

በማሽኑ ውስጥ ዛሬም ሁለት ነሽ። ጥሩወርቅ ሞታለች ይላል። ወለተ ሥላሴ ግን በሕይወት አለች፤ ቀጠሮዋን አቋርጣ የቀረች ይሏታል። አርሙት ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። አራተኛውን ነገ አስገባለሁ፤ እስኪያርሙት አልተዋቸውም።

አልቀረሽም እማዬ። በየቅዳሜው መጥተሻል። የለም ብዬ የመለስኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅሽ አስናቀች