የጓሮው ቤት ግድግዳና የፈንታነሽ ውሻ

ለታናሽ ወንድሜ ለይሻው፣

እንደምን ሰነበትክ? አንተ፣ እመቤት፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም እንደምን ከረማችሁ? ወገቤን ይዞኛል ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ? የአርባ ምንጭ ሙቀት ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሃ በደንብ ጠጣ፤ የታዘዘልህንም መድኃኒት ተሻለኝ ብለህ በመካከል አታቋርጥ። የእመቤት ዓይንስ እንዴት ሆነ? መነጽሩ ተስማማት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከኅዳር ጀምሮ አስቸግሮኝ ምርኩዝ ይዣለሁ። በጥር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ሰባት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ቀለል ብሎኛል፣ ዳገት ግን አሁንም ያሸንፈኛል።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ የጀመርነውን ነገር ለመጨረስ ነው። መስመሩ እየተቆረጠ እኔ ያልኩት ሌላ፣ አንተ የሰማኸው ሌላ ሆነ። አንተ፣ «እትዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳውን አሠሪ፤ ተከራዮቹንም ከነውሻቸው አስወጪያቸው» አልክ። እኔም የመልቀቂያ ወረቀት ሰጥቻቸዋለሁ፣ ግንቦት ሠላሳ ይወጣሉ ብዬህ ነበር። አሁን ግድግዳው ተሠርቷል። ሰዎቹን በሚመለከት ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ቤቱ የአባታችን ነው፣ ግማሹም ያንተ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልታውቀው ይገባል።

የተጎዳው የጓሮው ቤት የኋላ ግድግዳ ነው። ባለፈው ክረምት አሸንዳው ተቀድዶ ውሃው ግድግዳው ላይ ሲወርድ ከረመ። ምርጊቱ እየተላጠ ወደቀ። ውስጡ ሲታይ ሁለት ቋሚዎች ከሥራቸው በስብሰዋል፣ ማገሩንም ምስጥ በልቶታል። ቤቱ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ነበር። የጭቃ ሥራ ደግሞ እንደምታውቀው ጊዜውን ይፈልጋል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቦክቶ፣ ተመርጎ፣ ዝናብ ሳያገኘው መድረቅ አለበት። የጉና ዝናብ ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም።

ተከራዮቹን አታውቃቸውም። ባልየው ሙሉቀን የጤና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን ገጠር ጤና ጣቢያ ውሎ አድሮ ቅዳሜ ይመጣል። ሚስቱ ፈንታነሽ የገሳይ አገር ልጅ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ሰኔ ነው፤ የምትተኛውም በዚያው በዘመመው ግድግዳ ሥር ነበር። ሦስት ዓመት ሲቀመጡ ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም፤ ደጃፋቸውንም ሳይነገራቸው ይጠርጋሉ። አምና አባቷ ሲያርፉ የእሳቸውን ውሻ ይዛ መጣች። ጥቁር ሆኖ ደረቱ ነጭ የሆነ፣ ጥጃ የሚያክል ውሻ ነው። ስሙን መቻል ብለውታል፤ ከስሙ ጋር ግን አይተዋወቁም። ማታ ይፈታል፣ ቀን ይታሰራል፤ የሚታሰረውም ከተበላሸው ግድግዳ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ነው።

የካቲት ላይ ዘውዱ የሚባል መራጊ አመጣሁ። ጭቃው ሦስት ቀን ቦክቶ ደርሶ ነበር። ዘውዱና የሥራ ጓደኛው አያሌው እንደ ደንቡ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ገቡ። ውሻው ባያቸው ቅጽበት ሰንሰለቱን በጥሶ መጣ። ዘውዱ የማገዶ ክምር ላይ ወጣ። አያሌው ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ዘውዱ ከክምሩ ላይ ሆኖ፣ «እማማ፣ ግድግዳ ሊያስመርጉኝ ነው ወይስ አንበሳ ሊያስጠምዱኝ?» አለኝ። አያሌው ከውስጥ፣ «አንተማ ከላይ ሆነህ ቀልድ! እኔ በየት ልውጣ?» እያለ ይጮኻል። ፈንታነሽ ወጥታ ውሻውን እስክትይዘው ድረስ ሁለቱም ባሉበት ቆዩ። ከዚያ ደኅና ይዋሉ ብለውኝ ሄዱ፤ ጭቃው ጉድጓዱ ውስጥ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

በመጋቢት ደግሞ ሌሎች ሠራተኞች አገኘሁ። ውሻው በዋዜማው፣ ገበያ ማዶ ካለ ዘመዳቸው ቤት እንዲያድር አደረግን፤ ገመዱን በጥሶ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ግቢ ገባ። በሳምንቱ ቅዳሜ ሙሉቀን ራሱ አንገቱን አቅፎ ያዘና ግቡ አላቸው። አንደኛው በር ላይ ቆሞ፣ «አንገቱን አንተ ይዘኸዋል፤ ጥርሱን ማን ይዞልኛል?» ብሎ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ውስጥ ያሉ መራጊዎች ሁሉ ነገሩን ሰሙ። ውሻው የእኔ ውሻ ሆነና፣ እማማ አመተማርያም ግቢ የሚገባ ነፍሱን የጠላ ነው ተባለ።

እኔንም ቢሆን አልማረኝም። በፊት ሳልፍ ጅራቱን ይቆላልኝ የነበረው፣ ከኅዳር ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ያጉረመርም ጀመር። እርጅናዬን ንቆ ነው ብዬ ነበር። መጋቢት ሃያ አራት ቀን ግድግዳውን ለማየት ስጠጋ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ቀደደው። በዚያው ዕለት ቁጭ ብዬ የመልቀቂያ ወረቀት ጻፍኩና ሰጠኋቸው። ፈንታነሽ መጥታ፣ «እማማ፣ ሰባት ቤት ጠይቀናል፤ ከውሻ ጋር የሚያስገባን የለም። እሱን ልስጠው ብል የሚወስደው የለም፤ ሙሉቀን በሌለበት ሌሊት ደግሞ ከእሱ በቀር ማን አለኝ?» አለችኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ወድቆ ከሚገድልሽ ወጥተሽ ብትኖሪ ይሻላል» ብዬ መለስኳት። ያልኩት እውነት ነበር፤ ይሁን እንጂ ነገሩን መርምሬ አልነበረም።

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን የነፍስ አባቴ ቄስ ምሕረትአብ ቤት ሊባርኩ መጡ። ገና ከበሩ ሲገቡ ውሻው ሰንሰለቱን እየጎተተ ግቢውን አናወጠው። የእኔን ቤት ከባረኩ በኋላ ፈንታነሽ የእሷንም እንዲባርኩላት ለመነች። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጠበል ስለያዙ መቋሚያቸውን በረንዳዬ ላይ አስደግፈውት ሄዱ። በውሻው አፍንጫ ሥር አለፉ፤ ውሻው አየት አድርጓቸው ራሱን መሬት ላይ አጋደመ። ፈንታነሽ፣ «ጠበሉ ነው! አባቴ፣ ጠበሉ ነው!» እያለች መስቀል ተሳለመች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ተመልሰው መቋሚያቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ግን ውሻው እንደገና ተነሣ። እኔም፣ «አባቴ፣ በረከቱ እስከ በሩ እንኳ አልደረሰም?» አልኳቸው። ሳቁና፣ «እንግዲህ አንቺ መርምሪው፤ እኔ ወጣሁ» ብለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

እኔም መረመርኩት። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማን ሲገባ እንደሚጮኽ፣ ማን ሲገባ ዝም እንደሚል አየሁ። ድንች የምትሸጠው ሴት ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ዝም ነው። ወተት አምጪዋም እንዲሁ። ከገጠር የመጣው የፈንታነሽ አጎት ግን ዱላውን ይዞ ገና ብቅ ሲል ግቢው ተቀወጠ። በሦስተኛው ቀን ምርኩዜን ይዤ ወደ ወይራው ሄድኩ፤ ጥርሱን አሳየኝ። ተመለስኩና ምርኩዜን አስቀምጬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ተጠጋሁ። እጄን አሽትቶ ጅራቱን ቆላ። ስድስት ወር ሙሉ የጠላው እኔን ሳይሆን ምርኩዜን ነበር።

ፈንታነሽን ጠርቼ ጠየቅኳት። ገሳይ እያሉ ሌቦች በሌሊት የበግ ጉረኖውን ሊሰብሩ መጥተው ውሻውን በዱላ ቀጥቅጠውት እንደነበርና ሁለት የጎን አጥንቱ እንደተሰበረ ነገረችኝ። «ታዲያ ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት። «እማማ፣ በእኛ አገር ዱላ ሳይዝ የሚመጣ ወንድ ማን አለ? እኔ እንግዳ ወንድ ሁሉ የሚጠላ ነበር የመሰለኝ» አለች። ልክ ነው። ሰው ወደ ግቢያችን ሲመጣ ውሻ አለ ተብሎ ከተነገረው ዱላውን ጭራሽ ያጠብቃል። እኔም ሠራተኞቹን አስቀድሜ፣ «ክፉ ውሻ አለ፤ ተጠንቅቃችሁ ኑ» ስላቸው ነበር። ስንጠነቀቅ ነው ነገሩን ያባስነው።

ከባዱ ሥራ ዘውዱን ማሳመን ነበር። ቤቱ ድረስ ሄጄ ዱላህን ትተህ ና ስለው አፉን ከፍቶ አየኝ። «እማማ፣ ውሻ ከሌለበት እንኳ ያለ ዱላ አልሄድም፤ ውሻ ወዳለበት ባዶ እጄን? ራቁትህን ግባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ «ማገዶ ላይ መውጣቱንማ ለምዶታል» ብላ ሳቀችበት። እሱን የመለሰው የእኔ ልመና ሳይሆን የእሷ ሳቅ ይመስለኛል። ማክሰኞ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን ከአያሌው ጋር መጣ። ዱላቸውን በረንዳዬ ላይ አስቀመጥኩ። ከፊት እኔ ያለ ምርኩዝ፣ ከኋላዬ እነሱ ሆነን ወደ ጓሮ ሄድን። ዘውዱ ትከሻዬን ይዞ ይራመድ ነበር። ውሻው ተነሣ፣ አሸተታቸው፣ ተመልሶ ተኛ።

ይሁንና ግድግዳ ያለ እንጨት አይሠራም። ስለዚህ ፈንታነሽ ውሻውን ይዛ ወንዝ ስትወርድ ቋሚውንና ማገሩን አስገብተን መሬት ላይ አጋደምን። ሲሠሩም እንጨቱን እየጎተቱ እንዲያቀርቡ፣ በትከሻ እንዳያነሱ አዘዝኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አያሌው ረስቶ ማገር ከራሱ በላይ አነሣ። ውሻው ሰንሰለቱ እስኪወጠር ዘሎ መጣ። ዘውዱ፣ «ጣለው! አንተ ሰው፣ ጣለው!» ብሎ ጮኸ። አያሌው እንጨቱን ጥሎ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ውሻውም ቆመ። ከዚያ ሥራው ቀጠለ። ዓርብ ግንቦት ልደታ ስለሆነ አልተሠራም፤ ቅዳሜና እሑድም አርፈው ማክሰኞ ጨረሱ። የበሰበሱት ቋሚዎች ተለውጠዋል፣ አሸንዳውም አዲስ ነው። ምርጊቱን በየቀኑ በእጄ ጫን እያደረግሁ አየዋለሁ፤ ሳይሰነጠቅ እየደረቀ ነው።

በዚያው ምሽት ፈንታነሽ ዘንድ ሄጄ፣ ወረቀቱን ሳልመረምር መጻፌ ጥፋት ነው፣ ይቅር በሉኝ፣ አትውጡ አልኳት። ይህን ቃል መናገር እንደማይቀለኝ አንተ ታውቃለህ። እሷም፣ «ሙሉቀን ይምጣና» ብቻ አለች። ዕቃቸው በካርቶን ታስሮ፣ አልጋው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሙሉቀን ቅዳሜ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። «እማማ፣ ይቅርታውን በሙሉ ልባችን ተቀብለናል። ነገር ግን ውጡ ያሉን በወረቀት ነው፤ ተቀመጡ የሚሉንም በወረቀት ይሁንልን። ሚስቴ ከአራስ ቤቷ ዕቃ ይዛ እንድትወጣ አልፈልግም» አለ። ፈንታነሽ፣ «ኧረ ተው፣ እንዴት እንዲህ ትላቸዋለህ» እያለች እጅጌውን ጎተተችው። እኔ ግን ትክክል ነው አልኳት፤ በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ለሁለት ዓመት እንዲቀመጡ፣ ውሻው ከግድግዳው ርቆ እንዲታሰር፣ ዱላ ይዞ የሚመጣ እንግዳም ዱላውን በእኔ በረንዳ እንዲያኖር ጽፌ ፈረምኩ። ሙሉቀን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «የወንድምዎስ ፊርማ? ቤቱ የሁለታችሁ ነው ብለውኝ ነበር» አለ። ብዬው ነበር።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ብትስማማ ከእኔ ስም ሥር ስምህን እስከ አያት ጽፈህ ፈርምና በታማኝ ሰው ቶሎ ላክልኝ፤ መንገዱ እንደ ልብ አይደለምና ቀን አታሳልፍ። ባትስማማም ምክንያትህን ጽፈህ ላክ እንጂ ዝም አትበለኝ። ፈንታነሽ ጨዋ ስለሆነች መልስ መጣ ወይ ብላ አትጠይቀኝም። ካርቶኖቹ ግን እስካሁን እንደታሰሩ ናቸው፤ ለሚወለደው ልጅ ያዘጋጀችውን ጨርቅ እንኳ ከውስጣቸው አላወጣችም።

እመቤትን ሳምልኝ፤ ያልኳትን ቅቤ በቀጣዩ መንገደኛ እልክላታለሁ በላት። ልጅህ ትንሣኤ ለፈተናዋ በርትታ ታጥና፤ እርሳስ ይዛ እየጻፈች ታንብብ እንጂ እንዲሁ በዓይኗ አትለፈው። ዘላለምን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። የእመቤትን እናት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ እንኳን ከሕመማቸው አገገሙ። ፈንታነሽና ሙሉቀንም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። እግዚአብሔር ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ።

እህትህ አመተማርያም

ደብረ ታቦር
ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.