አንድ ማልያ ይበልጣል

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ለትልቁ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልህ ከክለቡ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ማሽኑ ጠረጴዛውን ስለሚያንቀጠቅጠው ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅብኝ። ስልክ እንዳልደውል ድምፄ ያስቸግረኛል። ደብዳቤውን ከቡድኑ ቀድሞ የሚሄደው ሹፌር ያደርስልሃል።

ቡድናችን ሰባተኛ ወጣ። ድሮ ቢሆን ትጥቁን አጣጥፈን፣ ቆልፈን ወደየቤታችን ነበር። ዘንድሮ ግን ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡትን ቡድኖች ከአራት ወደ ስምንት አሳደጓቸው። የክለቡ ዘበኛ "ሰባተኛም ዋንጫ ሊያምረው ነው? ለከርሞ መንገደኛውንም ያስገቡታ!" እያለ ያላግጣል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ሥራ ካለቀ ቤት መቀመጥ ነው፤ ቤቱን ደግሞ ታውቀዋለህ። ሁለት አልጋ አንጥፌ የምተኛው ሦስተኛው ላይ ነው።

ከዚያ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ነው ተባለ። ተጫዋቾቹ ተናደዱ። "እዚያ ማን ያውቀናል? ማን ይጮህልናል?" አሉ። እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። ትጥቅ ያዡ የከተማውን ስም ሲያነብ ግን የያዝኩት ካልሲ ከእጄ ወደቀ። አንተ ያለህበት ነው።

ትናንት ትጥቁን ስናሽግ ትጥቅ ያዡ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

"እማማ፣ አንድ ማልያ ይበልጣል።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

የወንድምህ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ከሞተ ጀምሮ ከሌሎቹ ጋር አጥበዋለሁ። ላብ የለው፣ ጭቃ የለው፣ ንጹሕ ገብቶ ንጹሕ ይወጣል። ትጥቅ ያዡ እስከ ዛሬ አይቶ እንዳላየ ያልፈኝ ነበር፤ አሁን ግን የሰው ሜዳ ስለምንሄድ ዝርዝር መሙላት አለበት። "አሥራ አራት" ብሎ ጀመረና ሰረዘው። በመጨረሻ "መለዋወጫ" ብሎ ጻፈና "ይሂድ እማማ፣ ሻንጣው ቦታ አለው" አለኝ።

ልጄ፣ የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ ያልኩህን አልረሳሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልመጣኸው አንተም ስላልረሳኸው ነው። የሞተበትን ሞተር የገዛህለት ልምምድ እንዳያረፍድ ብለህ ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

እዚህ ቤት መግባት ቢከብድህ አልፈርድብህም። ያኛው ሜዳ ግን የማናችንም አይደለም፤ ስትገባ ዞሮ የሚያይህ የለም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ኋላ፣ ከሻንጣዎቹ አጠገብ እቀመጣለሁ። በሩ ላይ "የአጣቢዋ ልጅ ነኝ" በል፤ ለትጥቅ ያዡ ነግሬዋለሁ፣ ያስገባሃል። ሥራ ከያዘህ ግን እረዳለሁ።

ከተሸነፍን ያንኑ ዕለት እንመለሳለን። ካሸነፍን አንድ ሳምንት እዚያው እንቆያለን። ስለ ኳስ እንደማይገባኝ ታውቃለህ፤ ወንድምህ ሲጫወት እንኳ የማየው ቁምጣው መቆሸሹን ነበር። ዘንድሮ ግን እንዲያሸንፉ እየተሳልኩ ነው።

እጅህ አይዛል። የምትገባበት በር ሁሉ በፈገግታ ይቀበልህ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እናትህ

አሥራ አራት ቁጥሩን ከሻንጣው አናት ላይ አድርጌዋለሁ። ከመጣህ ፍለጋ እንዳልቆይ ብዬ ነው።