የማማው መንገድ ውርርድ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሹ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ከምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል? የወገብሽ ነገርስ? እኔን እንደሆነ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከድምፄ በስተቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ድምፄ የተዘጋው ደግሞ በሳቅ ነው፤ አትስጊ።

ባለቤትሽ የቅዳሜውን ነገር በራሱ አኳኋን እንደነገረሽ አልጠራጠርም። እኔ ግን እንደ ነጋዴ ልንገርሽ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

መነሻው የመንገድ ግብሩ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ዓመታዊ ግብር በእጥፍ ሲያድግ፣ ሰዉ ሁሉ ባንድ ጀንበር ሻጭ ሆነ፤ ገዢ ጠፋ። እኔ ወሬው ገና ጭምጭምታ ሳለ ግቢ ውስጥ የነበሩኝን አንድ በአንድ ሸጬ ነበር። ባለቤትሽ ግን የሰሞን ወሬ ነው፣ ያልፋል እያለ፣ ሌላው የሚጥለውን ሁሉ በርካሽ ሰበሰበ። ማቆሚያ ሲያጥረው ዓይኑ አባታችን ባወረሰን ግቢ ላይ ዐረፈ። ግማሹ የሚስቴ ነው፣ የሚስቴ ማለት ደግሞ የእኔ ነው ማለት ጀመረ። አንቺ በዚህ ጉዳይ ምን ብለሽ እንደነበር የጠየቀሽ ሰው መኖሩን እንጃ።

እኔ ደግሞ ግቢውን ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞልቼው ነበር። ሥዕል ይመስላሉ፤ የሚገዛቸው ግን አልተገኘም። ሰው ይመጣል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ወንበሩን ይደባብሳል፣ ከዚያ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያገለገለ ባትሪ ውስጡ ምን እንደቀረው ማን ያውቃል? ደላሎቹ ከበሩ ማዶ ቆመው፣ ይሄኮ መኪና አይደለም፣ ጎማ የገባለት ስልክ ነው፤ መንገድ ላይ ሲዘጋብሽ ከአላፊ አግዳሚው ቻርጀር ትለምኛለሽ እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤት ገብቼ ማስታወሻዬን ስጽፍ ግን የምስቅበት ነገር አልነበረም። ሌላ አንድ ወር እንዲያ ቢቀጥል ግቢውን ራሴ ለምኜ አስረክበው ነበር።

አንቺ ስለ አየር ጠባይ አውርተሽ የማታውቂ ሴት የደወልሽልኝ ያን ሰሞን ነው። ተራራውን የሚወጣው የማማው መንገድ አየሩ ለጤና ተስማሚ ነው፣ ወጣ ብለሽ ተናፈሺ አልሽኝ። ቀጥለሽም ቤትሽ እንግዶች መጥተው እንደነበር፣ ሦስት ደላሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አዲሱን ሶፋሽን እንዴት እንዳጎበጡት አማረርሽ። ከዚያ ወጡ እያረረብኝ ነው ብለሽ ዘጋሽው። እኔም የታላቅ ምክር አይናቅም ብዬ በማግስቱ ነጯን መኪና አስነስቼ ለመናፈስ ወጣሁ። ብቸኝነት እንዳይሰማኝ ወንበሮቹን ሁሉ አሸዋ በተሞሉ ከረጢቶች ሞላኋቸው።

ባለቤትሽ ሦስቱን ደላሎች አስከትሎ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታውቂያቸዋለሽ፤ ጎማው፣ ኩንታልና ቁምሳጥን። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው አልዋሸም። ገዢዎችም ሥራ ፈቶችም በተሰበሰቡበት፣ አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ በሰው ፊት እንነጋገር አለኝ። ከመኪኖችሽ አንዷ እኛን ጭና ተራራው ላይ እስካለው የሬዲዮ ማማ ወጥታ በራሷ ጎማ ከተመለሰች፣ በሚስቴ ስም ግቢውን ሁለተኛ አላነሳም፣ ምስክር ባለበት እፈርማለሁ፤ ተጎትታ ከመጣች ግን ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ አለ። እኔም ፊቴን ቅጭም አድርጌ፣ ጋሼ፣ አቀበቱን ይተዉልኝ፣ ሜዳ ለሜዳ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ያኔማ ማን ይቻለው! አያችሁ፣ ራሷም አታምናቸውም ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። እኔም እያቅማማሁ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጯን ጢም አድርጌ ሞልቼ ተነሣን። እሱ ከጎኔ፣ ሦስቱ ከኋላ። ቁምሳጥን ሲገባ መኪናዋ ወደ እሱ በኩል ዘመም ስትል፣ ኩንታል፣ ቀስ በል እንጂ፣ መኪና እየገባህ እንጂ ጀልባ እየገለበጥክ አይደለም አለው። ባለቤትሽ መንገዱን አላየም፤ ዓይኑ የባትሪው ቁጥር ላይ ተተክሏል። ዘጠና ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሰባ ሲል ፈገግ ይላል። አቀበቱ እየከረረ ሲሄድ ቁጥሩ እንደ ቀዳዳ ባልዲ ይፈስሳል። ማማው ሥር ስንደርስ ሠላሳ ስምንት ብቻ ቀርቷል።

ባለቤትሽ ወርዶ በእጁ ጭኑን መታ መታ አደረገ። በሉ አስሉ አላቸው፤ ለመውጣት ስልሳ ሁለት ከበላች፣ ለመመለስ ሌላ ስልሳ ሁለት ከየት ታመጣለች? ጎማው በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ፣ እውነትም አትበቃም አለ። ለካስ ጎታች መኪና ከማለዳው አስልኮ ከማማው አጥር ጥግ አስቁሞልኛል! ሾፌሩ ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲመጣ፣ ባለቤትሽ፣ ልጅቷ እንዳትለፋ መኪናዋን እዚሁ እሰራት አለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ሰንሰለቱ መሬት ላይ ሲንኳኳ የአሸዋውን ቀን ቁጥሮች በልቤ ደግሜ ቆጠርኩ። በአሸዋ ተሞክሮ የሠራው በሰው ባይሠራስ? ጋሼ፣ ውላችን ተጎትታ ከመጣች ነው የሚለው፤ ቆማ ካላየኋት አላስጎትታትም ብዬ መሪዬን ጨበጥኩ። እያጉረመረሙ ገቡ፤ ጎታቹም ከኋላችን ተከተለ።

የዕለቱ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እግሬን አነሣሁ።» ቁልቁለቱ እንደጀመረ ፍጥነት መስጫውን ለቀቅኩት። ያን ጊዜ ሞተሩ መብላቱን ትቶ ማብላት ይጀምራል፤ የመኪናዋ እግሮች ሲሽከረከሩ ባትሪውን ይሞሉታል። መኪናው በከበደ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሞላል። መጀመሪያ ያየው ኩንታል ነው። ሠላሳ ዘጠኝ አለ በቀስታ። ባለቤትሽ፣ ዝም በል፣ ተሳስተህ ነው አለው። አርባ። አርባ ሁለት። ቁምሳጥን ከኋላ አንገቱን አስግጎ፣ ኧረ ሴትየዋ ከገደሉ ነዳጅ እየቀዳች ነው ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያማ መኪናው ውስጥ ኳስ ሜዳ ሆነ፤ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ሦስቱም ይጮኻሉ። ጎማው ጭራሽ፣ ቅድም የበላሁት ቁርስ ጠቀመሽ አይደል ብሎ ኮራብኝ። ባለቤትሽ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፈነው።

ግቢው በር ስንደርስ ሃምሳ አንድ ይላል። ጎታቹ የለም። ፍሬኑ ግሎ ጢስ ጢስ ሲል መንገድ ዳር ቆሞ እያበረደው ነበር። ሰዉ በሩን ሞልቶ ሲያፏጭ፣ ባለቤትሽ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ክፋት የለብኝም፤ ሻይ አቀረብኩለት። አልጠጣውም።

እስከ ማክሰኞ ግቢው ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። ጎማው ራሱ ወንበሯ ሰፋ ያለ አለሽ ወይ ብሎ አንዷን ወሰደ። የኤሌክትሪኮቹም ግብር በክብደታቸው ሊተመን ነው ይባላል፤ መንገድ በነጻ አይሠራምና ይተመን። ለገዢ ሁሉ ሳልደብቅ እነግረዋለሁ፤ አሁን ማንም ወደ ኋላ አይልም። ባለቤትሽም ንዴቱ ሲበርድለት ይምጣ፤ መነገድ ከፈለገ አስለምደዋለሁ።

ነጯን ግን አልሸጥኳትም። እታለሜ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣሽው ከእኔ ቀድመሽ ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መንዳት ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። የመኪና ነጋዴ ሚስት መሪ ምን ያስጨብጣታል ከተባለ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ መቁጠር አልፈልግም። የሾፌሩን ወንበር ወደ ፊት ስቤዋለሁ፤ የእኔ እግር ረጅም እንደሆነ ታውቂያለሽ። የዓመቱ የመንገድ ግብሯ ተከፍሏል፤ ምልክቱም መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ስትመጪ የማን ስም እንደተጻፈበት ጠጋ ብለሽ አንብቢው።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ አቀበቱን ጨርሰሻልና ከእንግዲህ ያለውን መንገድ ቁልቁለት ያድርግልሽ።

አየሩ ተስማምቷት የተመለሰች፣
ታናሽ እህትሽ